ምዕራፍ ሰባት፦ በመለኪያው ያልተገኘው ሰው

እንግዳ ሲመጣ ልጅ ይፈተናል። ተነሥቶ እጁን ይዘረጋል ወይስ ጥግ ይይዛል? ጉንጩን ለመሳም ያቀርባል ወይስ ከእናቱ ቀሚስ ኋላ ይሸሸጋል? ሲጠሩት «አቤት» ይላል ወይስ ዝም ይላል? ፈተናው ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ውጤቱ ግን ወዲያው ይነገራል፦ «ምን ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» ወይም «ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያደርገው?» ሁለተኛውን የሰማች እናት ስኒ እያጠበች አንገቷን ትደፋለች። በዚያች አጭር ጊዜ የእንግዳው ሽቶ፣ የእጣኑ ጭስ፣ የቴሌቪዥኑ ጩኸትና የአራት ሰው ወሬ ባንድ ላይ ሲመጡበት ልጁ ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን የለም።

ስለዚህ ስለ ኦቲዝም የሚያወራውን ይህን ምዕራፍ ከልጁ አልጀምረውም፤ ከፈተናው እጀምረዋለሁ። ልጁን «ልክ አይደለም» ያልነው ከምን ጋር አስተያይተን ነው? ያ መለኪያስ ከየት መጣ? (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ኮከቡና ወታደሮቹ

በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት አንድን ኮከብ ደጋግመው ሲለኩ ቁጥሩ በየጊዜው በመጠኑ ይለያይባቸው ነበር። መፍትሔያቸው አማካዩን እንደ እውነተኛው ቦታ፣ ከአማካዩ የራቀውን እንደ ስሕተት መቁጠር ነበር። ቤልጅጋዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ ይህን ስሌት ከሰማይ አውርዶ በሰው ላይ አዋለው። በ1835 ባሳተመው መጽሐፍ «አማካዩ ሰው» የሚባል ፍጡር አስተዋወቀ፤ ቆየት ብሎም የ5,738 የስኮትላንድ ወታደሮችን የደረት ልክ ይዞ አሳቡን አስረዳ። ለኬትሌ አማካዩ ሰው ተራ ቁጥር አልነበረም። ተፈጥሮ ልትሠራው ያሰበችው ሰው እርሱ ነው፤ ከእርሱ የወፈረው፣ የቀጠነው፣ የረዘመውና ያጠረው ሁሉ ተፈጥሮ እጇ ስቶ የሠራችው ነው።

ስሌቱ ያማረ ነው፤ አንድ ነገር ግን ስቷል። ኮከቡ አንድ ነበር። ወታደሮቹ 5,738 ሰዎች ናቸው፤ ከኋላቸው የተደበቀ አንድ እውነተኛ ወታደር የለም።

እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን ነገሩን የበላይና የበታች ወደሚል ደረጃ ለወጠው። «የተሻሉት» እንዲበዙ፣ «ያነሱት» እንዲጠፉ የሰውን ዘር መርጦ ማራባት ይገባል አለ፤ በ1883ም ለአሳቡ ስም አወጣለት። ይህ አሳብ የት እንዳደረሰ ቪየና ታሳያለች። በናዚ ዘመን አም ሽፒግልግሩንድ በሚባለው የሕፃናት ክሊኒክ፣ መኖር አይገባቸውም የተባሉ ወደ 800 የሚጠጉ ልጆች አልቀዋል። በ1944 ኦቲዝምን በመግለጽ ስሙ የገነነው ሐኪም ሃንስ አስፐርገር ራሱ ወደዚያ ልጆች እንደ ላከ የታሪክ ተመራማሪው ሄርቪግ ቼክ በ2018 ከሰነድ አውጥቶ አሳይቷል።

መለኪያውን ራሱን የፈተነ ሰው የተገኘው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ አየር ኃይል ስለ አውሮፕላን መቀመጫዎች ሲያጠና 4,063 አብራሪዎችን አስለካ። ጊልበርት ዳንኤልስ የሚባል ወጣት ተመራማሪ ከልኬቶቹ ዐሥሩን መረጠ፤ ቁመት፣ ደረት፣ የክንድ ርዝመትና የመሳሰሉትን። «አማካይ» የሚለውንም ጠበብ ሳያደርግ፣ መሐል ላይ የሚገኙትን 30 በመቶ እንዲይዝ አድርጎ አሰፋው። በዐሥሩም ልኬት አማካይ የሆነ አብራሪ ስንት ተገኘ? አንድም አልተገኘም። ለአማካይ ሰው ተብሎ የተሠራው መቀመጫ ለማንም አልተሠራም ነበር ማለት ነው። አየር ኃይሉ አብራሪዎቹን አላባረረም። መቀመጫው የሚገፋና የሚሳብ፣ ቀበቶው የሚጠብቅና የሚላላ እንዲሆን አዘዘ።

በክንድና በደረት ያልተገኘ አማካይ ሰው በመስማት፣ በማየት፣ በማሰብና በመናገር ይገኛል ብለን እስከ ዛሬ ልጆቻችንን በእርሱ መለካታችን ያስገርመኛል።

የፎረስት ከተማ ልጅ

አሜሪካ ውስጥ፣ በሚሲሲፒ ግዛት፣ ፎረስት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ዶናልድ ትሪፕሌት በ1933 እዚያ ተወለደ። አባቱ ጠበቃ ነበሩ፤ የእናቱ ቤተሰብ በከተማዋ ባንክ ድርሻ ነበረው። ልጁ ገና በሁለት ዓመቱ የእረኛውን መዝሙር (በእኛ መጽሐፍ 22ኛው ነው) በቃሉ ይወጣው፣ የቤተ ክርስቲያናቸውን የሃይማኖት ጥያቄና መልስም እስከ 25 ድረስ ያነበንበው ነበር። ሲጠሩት ግን አይዞርም። ሰው ሲገባና ሲወጣ ልብ ያለ አይመስልም። ክብ ነገር ካገኘ ወለሉ ላይ ሲያሾረው ይውላል፤ ከከለከሉት ቤቱን በጩኸት ይሞላዋል።

በ1937፣ አራት ዓመት ሳይሞላው፣ ወላጆቹ በሐኪም ምክር ከቤት ርቆ በሚገኝ የሕፃናት ማቆያ አስገቡት። አንድ ዓመት ገደማ እዚያ ቆየ፤ ቆይታው አደነዘዘው እንጂ አላሻለውም። ሊያወጡት ሲሄዱ የማቆያው ኃላፊ ልጁ ባይነካ እንደሚሻል መከራቸው። አልሰሙትም፤ ይዘውት ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከዚያም በ1938 ባልቲሞር ወደሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ፣ ሊዮ ካነር ወደሚባል የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ወሰዱት። አባትየው አስቀድመው ስለ ልጃቸው 33 ገጽ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ካነር በ1943 ኦቲዝምን ራሱን የቻለ ጠባይ አድርጎ የገለጸበትን ጽሑፍ ሲያሳትም ካቀረባቸው 11 ልጆች የመጀመሪያው ዶናልድ ነው። (እውነቱን ለመናገር ካነር ቀዳሚ አልነበረም። ኪየቭ የተወለደችው ሐኪም ግሩንያ ሱካሬቫ በ1920ዎቹ አጋማሽ ተመሳሳይ ልጆችን በጥንቃቄ ገልጻ ነበር፤ ያደመጣት ጥቂት ሰው ነው።)

ከዚህ ቀጥሎ የሆነው በሕክምና መጻሕፍት ብዙ አይወራለትም፤ እኔ ግን ከታሪኩ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው። በ1942 ዶናልድ ከከተማው ወጣ ብለው ከሚኖሩ ገበሬ ባልና ሚስት ዘንድ ተቀመጠ። ካነር በ1945 ሊጠይቀው ሄዶ ያየውን በመደነቅ ጽፎታል። ልጁ ያገኘውን ሁሉ ካልለካሁ ሲል ባልየው ጉድጓድ ያስቆፍረውና ጥልቀቱን እየለካ እንዲነግረው ያደርገዋል። የሞቱ ወፎችንና ነፍሳትን ሲሰበስብ፣ የሚቀብርበት ቦታ ከይዞታቸው ቆርሰው ሰጡት። የበቆሎ ረድፍ ደጋግሞ መቁጠር ሲያበዛ ደግሞ እያረሰ እንዲቆጥር ፈቀዱለት፤ ስለዚህ ሲቆጥር አረሰ። ባልና ሚስቱ ስለ ኦቲዝም ያነበቡት አልነበረም። ልጁ የሚወደውን ነገር እንደ በሽታ ስላላዩት ብቻ ከሥራ ጋር አገናኙት።

ካነር ከ28 ዓመት በኋላ፣ በ1971፣ እነዚያ 11 ልጆች የት እንደ ደረሱ ተከታትሎ ጻፈ። ውጤቱ ልብ ይሰብራል። በመንግሥት የአእምሮ ሕሙማን ተቋማት የገቡት ባሉበት ፈዝዘው፣ የነበራቸውንም ችሎታ አጥተው አገኛቸው። እርሱ ራሱ እዚያ መግባትን ከዕድሜ ልክ እስራት ጋር አስተካክሎታል። የተሻለ ኑሮ ከገጠማቸው ጥቂቶች አንዱ ዶናልድ ነበር። ኮሌጅ ገብቶ በ1958 በፈረንሳይኛ ተመርቋል፤ በከተማው ባንክ ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ ሠርቷል፤ ጎልፍ ይጫወታል፤ በ27 ዓመቱ መኪና መንዳት ተምሮ ኋላም ብቻውን ብዙ አገር ዞሯል። በ2023 በ89 ዓመቱ አረፈ።

ከኦቲዝም «ድኖ» ነበርን? አልነበረም። ሸምግሎም ንግግሩ ቁርጥ ቁርጥ ያለ ነበር፤ ያለውን ከተናገረ በኋላ ሰላምታ ሳይሰጥ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ለሚያውቃቸው ሰዎች ቁጥር እያወጣ ለዓመታት በዚያው ቁጥር ያስታውሳቸዋል። የፎረስት ሰዎች ይህን ለምደውት ነበር፤ እንዲያውም ቁጥር የተሰጠው ሰው ይኮራበታል። ጆን ዶንቫንና ካረን ዙከር የሚባሉ ሁለት ጋዜጠኞች ታሪኩን ሊጽፉ በሄዱ ጊዜ ከአንድ በላይ የከተማው ሰው ጠራ አድርጎ ዶናልድን የሚጎዳ ነገር ብታደርጉ እኛን ታገኙናላችሁ ብሎ አስጠንቅቋቸዋል።

የዶናልድ ወላጆች ገንዘብና ስም እንደ ነበራቸው መርሳት አይገባም። ነጮችም ነበሩ፤ በዚያ ዘመን ሚሲሲፒ ውስጥ የጥቁር ጭሰኛ ልጅ እንዲህ ሆኖ ቢወለድ ባልቲሞር የሚያደርሰው አልነበረም፤ ባንክም አይቀጥረውም ነበር። ይህ ግን ነገሩን ያጎላዋል እንጂ አያሳንሰውም። ዕጣውን የወሰነው የአእምሮው አሠራር ብቻ ቢሆን ኖሮ 11ዱ ልጆች ያን ያህል በተለያየ ቦታ ባልደረሱ ነበር።

እናት ለምን ትከሰሳለች?

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በምዕራቡ ዓለም ጥፋቱ በእናቶች ላይ ተጣለ። ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፍ ኦቲዝምን ከወላጅ ፍቅር ማጣት ጋር አያያዘው፤ ቀዝቃዛ እናት ልጇን ዘጋችው ተባለ። ስንት ሴት በዚህ ክስ ተሰብራ እንደ ሞተች እግዚአብሔር ይወቅ። ክሱን ለመመከት ቀድሞ የተነሣው በርናርድ ሪምላንድ፣ ራሱ የኦቲስቲክ ልጅ አባት፣ ነገሩ ከአንጎል አፈጣጠር እንደሚመጣ በ1964 በመጽሐፍ ተከራክሯል፤ ዛሬ መንትዮችንና ቤተሰቦችን የመረመሩ ጥናቶች የዘር ድርሻው በጣም ከፍተኛ እንደ ሆነ ይስማማሉ። በክትባት ይመጣል የሚለው ወሬ የተነሣው በ1998 በ12 ልጆች ላይ ከተጻፈ አንድ ጽሑፍ ነው፤ ያሳተመው የሕክምና መጽሔት በ2010 ሰርዞታል። ልጅዎን ያስከትቡ።

የእኛ አገር ክስ ስሙ ይለያል እንጂ የሚያርፈው እዚያው እናት ላይ ነው። እርግማን ነው፣ በእርግዝናዋ ጊዜ አንድ ነገር አድርጋ ነው፣ ርኩስ መንፈስ ነው ይባላል። በአዲስ አበባ ሁለት ክሊኒኮች ልጆቻቸውን የሚያሳክሙ 102 ተንከባካቢዎች የተጠየቁበት፣ በ2016 የታተመ ጥናት ብዙዎቹ ኀፍረትና መገለል እንደሚደርስባቸው፣ የሕክምናውንና የመንፈሳዊውን ምክንያት አንድ ላይ ይዘው እንደሚኖሩ አሳይቷል። ጠበል መውሰድና ክሊኒክ መሄድ አይጣሉም። የሚጣላው ልጁን በሰንሰለት ማሰር፣ ጋኔን ይውጣ ብሎ መግረፍ፣ የሚጥል በሽታ ካለበት መድኃኒቱን ማስቆም ነው፤ የመጨረሻው ሊገድለው ይችላል።

አለመግባባት ሁለት ወገን አለው

ለብዙ ዓመታት ሳይንሱ ራሱ የሚያስተምረው ኦቲስቲክ ሰው የሌላውን ስሜት ማንበብ ይሳነዋል እያለ ነበር። በ2012 እንግሊዛዊው የማኅበረሰብ ሳይንስ ሊቅ ዴሚየን ሚልተን፣ ራሱ ኦቲስቲክ፣ አንድ ቀላል ጥያቄ አነሣ፦ እናንተስ የእኛን ታነባላችሁ? ሁለት የተለያየ ዓይነት አእምሮ ያላቸው ሰዎች ሲገናኙ መግባባት ይከብዳቸዋል፤ ችግሩን ለአንዱ ብቻ ማሸከም ለምን?

ኤዲንብራ ላይ ካትሪን ክሮምፕተንና ባልደረቦቿ ይህን በሙከራ ተመለከቱት። ስምንት ስምንት ሰዎችን አሰልፈው አንድ ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጆሮ እንዲተላለፍ አደረጉ። በ2020 እንደ ዘገቡት ሁሉም ኦቲስቲክ የሆኑበት ሰልፍ ታሪኩን ኦቲስቲክ ያልሆኑት ብቻቸውን ከተሰለፉበት እኩል አደረሰው፤ የተዳከመው የተደባለቀው ሰልፍ ነበር። በ2025 የወጣ ሰፋ ያለ ሙከራ የተደባለቀውንም ሰልፍ መዳከም አላገኘም፤ ኦቲስቲክ ሰዎች እርስ በርስ በደንብ እንደሚግባቡ ግን እንደገና አረጋግጧል። መግባባት የማይችል አእምሮ ነው የሚለው ወሬ በሁለቱም ሙከራ ወድቋል።

ከዚህ የበለጠ እንቅልፍ የሚነሳኝ በ2017 የታተመ የኖአ ሳሰን ቡድን ጥናት ነው። ተራ ሰዎች የኦቲስቲክ ሰዎችን የጥቂት ሰከንድ ቪዲዮ አይተው፣ ማን እንደ ሆኑ ሳይነገራቸው፣ አብረናቸው መቀመጥ ወይም ማውራት አንፈልግም የሚል ዝንባሌ አሳዩ። ያው ንግግር በጽሑፍ ብቻ ሲቀርብላቸው ግን መጥፎው ፍርድ ጠፋ። የጠሉት የተባለውን ነገር አልነበረም፤ የድምፁን ዜማ፣ የፊቱን እንቅስቃሴና የእጁን አኳኋን ነበር።

በእኛ ቤት

አሁን ወደ ራሳችን ጓዳ እንግባ። በውጭ አገር የምርመራ መጠይቆች ልጁ ዓይን ለዓይን ያያል ወይ የሚል ጥያቄ አይቀርም። በእኛ ዘንድ በትልቅ ሰው ዓይን ላይ የሚያፈጥ ልጅ ዓይን አውጣ ነው፤ አንገቱን የሚደፋው ምስጉን ነው። ስለዚህ ዝምተኛ፣ ዓይኗን መሬት የምትተክል፣ ብቻዋን መጫወት የምትወድ ኦቲስቲክ ልጃገረድ ለዓመታት «ጨዋ» እየተባለች ማንም ሳያያት ታድጋለች። ችግሯ የሚገለጠው ትዳር ወይም ሥራ ላይ ስትወድቅ ነው። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያለ ቤተሰብ ደግሞ ተቃራኒው ሊገጥመው ይችላል፤ በሥርዓት ያደገ ልጁ ዓይን ለዓይን አያይም ተብሎ ይጠረጠርበታል። አንዱ አገር ጉድለት የሚለውን ሌላው አገር ምግባር ይለዋል።

ንግግራችንንም እንይ። ሰምና ወርቅ የምንወድ ሕዝብ ነን። እንግዳ «ምሳ በልተሃል?» ሲባል እየራበውም «በልቻለሁ» ይላል፤ ባለቤቲቱ «በሞቴ» ትላለች፤ ሦስተኛው ልመና ላይ እጁን ይታጠባል። ይህ ሥርዓት ለለመደው ደስ ይላል። ቃልን እንደ ተነገረ የሚወስድ ኦቲስቲክ ወጣት ግን «በልቻለሁ» ሲሉት ያምናል፤ ማዕዱን ያነሣል፤ ንፉግ ይባላል። እርሱ ሲጋበዝ ደግሞ እውነቱን ነው የሚናገረው፤ ከራበው «አዎ» ይላል፣ ጉርሻ ካልፈለገ «አልፈልግም» ይላል። የሰው እጅ ያጠቀሰው ወጥ አፉ ውስጥ ሲገባ የሚሰማውን መጸየፍ ንቀት አድርገን እንወስደዋለን። ለቅሶ ቤት ሳያለቅስ ጥግ ይዞ የተቀመጠ «ልቡ ድንጋይ» ይባላል፤ ምናልባት ከሁሉ ይልቅ አዝኖ፣ የሙሾው ጩኸት አናቱን እየሰነጠቀው ይሆናል።

ይህን ሁሉ ፍርድ የሚያውቅ ሰው መደበቅ ይማራል። በስንተኛው ሰከንድ መሳቅ እንዳለበት ይቆጥራል፤ የሰው ፊት እያየ ይቀዳል፤ የሚያረጋጋውን የእጅ እንቅስቃሴ ኪሱ ውስጥ ይደብቃል። ውጪ ውሎ ቤት ሲገባ ይወድቃል። ኦቲስቲክ ጎልማሶች ስለዚህ ድካም ብዙ ተናግረዋል፤ ጥናቶችም እንዲህ ያለውን መደበቅ ከጭንቀት፣ ከድብርትና ራስን ከማጥፋት አሳብ ጋር አያይዘውታል። የሎስ አንጀለሱ የሥነ ልቦና ሊቅ ኢቫር ሎቫስ በ1987 ካሠለጠናቸው 19 ኦቲስቲክ ልጆች 9ኙ ከእኩዮቻቸው የማይለዩ ሆኑ ብሎ እንደ ትልቅ ድል ሲዘግብ፣ ይህ አለመለየት ልጆቹን ምን እንዳስከፈላቸው አልጠየቀም። ቀደም ባሉት ዓመታት በዚያ ሥልጠና ጥፊና ኤሌክትሪክ ሳይቀር ይሠራበት ነበር።

ከባዱ ጥያቄ

ከኦቲስቲክ ሰዎች መካከል «እኛን ራሳችንን ጠይቁን» የሚል ድምፅ በ1990ዎቹ ተነሣ። ጂም ሲንክሌር በ1993 ቶሮንቶ ላይ ለወላጆች ባደረገው ንግግር፣ ጠብቃችሁት ያልመጣውን ልጅ ልታዝኑለት ትችላላችሁ፣ ሐዘኑን ግን በሕይወት ባለው ልጅ ላይ አታድርጉት የሚል አሳብ አቀረበ። ኒውሮዳይቨርሲቲ፣ ማለትም የአእምሮ አሠራር ብዝኃነት፣ የሚለው አስተሳሰብ በእነዚህ ሰዎች መካከል በጋራ አድጎ፣ አውስትራሊያዊቷ ጁዲ ሲንገር በ1998 በጻፈችው የመመረቂያ ጽሑፍ ይበልጥ ታወቀ። ኦቲዝም፣ ዲስሌክሲያ (ለማንበብ መቸገር) እና ኤዲኤችዲ (ትኩረት ለመሰብሰብ መቸገር) የሰው ልጅ አእምሮ ከሚይዛቸው ብዙ መልኮች እንደ አንዱ ይታዩ ነው የሚለው።

ይህን ሲያነብቡ የሚቆጡ ወላጆች እንዳሉ አውቃለሁ። ልጃቸው አይናገርም፤ ራሱን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል፤ ሌሊቱን ሙሉ አይተኛም፤ የሚጥል በሽታ አለበት። በ2021 የላንሴት ኮሚሽን ሃያ አራት ሰዓት እንክብካቤ ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች የተለየ ስያሜ ያቀረበው እንዲህ ያሉት እንዳይረሱ ብሎ ነው። ለእነዚህ ወላጆች «ልዩነት ውበት ነው» ብሎ ማለፍ ጭካኔ ነው። የማይናገር ልጅም ግን ክብር አለው፤ የሚወደውና የሚጠላው አለው፤ «አይ» ማለት ይችላል፤ በሥዕል ወይም በስልክ ማሳየትን ቢማር ብዙ የሚለው ነገር አለው።

እኔን የረዳኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ ልጅዎ አንድ ነገር ባደረገ ቁጥር ራስዎን ይጠይቁ፦ ይህ የሚጎዳው ማንን ነው? የሚጥል በሽታውን ያሳክሙ፤ እንቅልፍ ማጣቱን፣ የሆድ ሕመሙን፣ ራሱን መምታቱን ከሐኪም ጋር ይታገሉት፤ የሚጎዱት እርሱን ነውና። እጁን ማወዛወዙ፣ ዓይን ለዓይን አለማየቱ፣ አንድ ካርቱን መቶ ጊዜ ማየቱ ማንን ይጎዳል? የሚጎዳው የጎረቤት አስተያየትን ከሆነ የሚታረመው ጎረቤት ነው።

ከነገ ጀምሮ

ልጁ ንግግር ከዘገየበት አይጠብቁ፤ መጀመሪያ ጆሮውን ያስመርምሩ። ከዚያ የሚረዳ ማዕከል ይፈልጉ። በአዲስ አበባ ዘሚ የኑስ፣ በውበት ሙያ ትምህርት ቤታቸው የታወቁት፣ ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ በ2002 ንያ ፋውንዴሽንን መሥርተው የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ በቴሌቪዥን ቀርበው ስለ ልጃቸው በግልጽ ሲናገሩ ልጃቸውን ደብቀው የኖሩ ብዙ ቤተሰቦች በር ከፈቱ። ከእርሳቸው በኋላ በእናት የተቋቋመው ነህምያ ማዕከልም አለ። ቦታው ከፍላጎቱ ጋር አይመጣጠንም፤ ክፍለ አገር ላለ ደግሞ ጭራሽ ሩቅ ነው። ለዚያ ሲባል በገጠር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ስለ እነዚህ ልጆች ማሠልጠን ተጀምሯል፤ የቀበሌዎን ሠራተኛ ያነጋግሩ።

እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ማን እንደሚመጣ፣ ምን ያህል እንደሚቆይ ለልጁ ይንገሩት። መሳም ካልቻለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ እጅ ይንሣ፤ አባቶቻችን ያቆዩት፣ ማንንም ሳይነኩ የሚያከብሩበት ሰላምታ ነው። ጭሱ ከከበደው ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ። ሰርግ ላይ ጆሮ መሸፈኛ ያድርግ፤ ከድምፅ ማጉያው ራቅ ብሎ ይቀመጥ። መሬት ወድቆ ሲጮኽ ቅብጠት ነው ብለው አይምቱት፤ ከአቅሙ በላይ ስለ ሆነበት ነው፤ ሰዉን ያርቁ፣ መብራቱን ይቀንሱ፣ ዝም ብለው አጠገቡ ይሁኑ። አስተማሪ ከሆኑ ትእዛዙን በቃል ብቻ አይናገሩ፣ ሰሌዳው ላይ ይጻፉት። አሠሪ ከሆኑ ሰውየውን ሥራውን አሠርተው ይዩት፤ የቃለ መጠይቅ ፈገግታ ሥራ አይሠራም።

ይህን ምዕራፍ እያነበቡ «ይህማ እኔ ነኝ» ያሉ ጎልማሳም ይኖራሉ። ሰነፍ፣ ኩሩ ወይም ግራ የገባው እየተባሉ ያደጉ ከሆነ፣ ያ ስም የተሰጠዎት እርስዎን በማያውቅ መለኪያ ሊሆን ይችላል። ምርመራ ማግኘት ካልቻሉም የሚያደክምዎትን ድምፅ፣ ብርሃንና ስብሰባ ለይተው መቀነስ ዛሬ መጀመር ይችላሉ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ወላጆች ሌሊት የሚያስቡት እርሱን ነው። እኔ ስሞት ማን ይይዘዋል? የዶናልድ ቤተሰብ ማንም ሊያፈርሰው የማይችል የአደራ ገንዘብ አስቀምጦለት ነበር። እኛ ብዙዎቻችን ያ የለንም፤ እድር ግን አለን። ሐዘንተኛን ለማስተዛዘን ድንኳንና ወንበር የሚያዋጣ ማኅበር፣ አባሉ ሲሞት ኦቲስቲክ ልጁን በየሳምንቱ የሚጠይቁ ሁለት ሰዎች መመደብን በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ማስገባት አያቅተውም። በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ አድርገው ያንሡት። ከዚያ በፊት ግን አንድ ገጽ ይጻፉ፦ ምን እንደሚበላና ምን እንደማይበላ፤ የትኛው ድምፅ እንደሚያስጨንቀው፤ ሲጨነቅ ምን እንደሚያረጋጋው፤ የሚወስደውን መድኃኒትና ሰዓቱን፤ «አይ» ለማለት ምን እንደሚያደርግ፤ ማንን እንደሚወድ። መጻፍ ወይም ማመልከት ከቻለ ገጹን አብሮዎት ይሥራ። አንዱ ቅጂ ከቅርብ ዘመድ፣ ሌላው ከእድሩ ጸሐፊ ዘንድ ይቀመጥ፤ በየዓመቱም ይታደስ፣ በስድስት ዓመቱ የሚያስፈራው ድምፅ በሃያ ዓመቱ ላያስፈራው ይችላል።